ጎንበስ በይ

ሰርክአዲስ ከህንድ ይዛው የመጣችው ካሴት የመተማ ዮሐንስን ሙቀት አልቻለውም። የመጀመሪያው በጋ ሳያልቅ ክሩ ለሰሰና ቴፑ በላው። በካሴቱ ላይ አንዲት አረጋዊት የዮጋ መምህር እንዴት መተንፈስ፣ እንዴት መንጠራራት፣ እንዴት መጎንበስ እንደሚገባ በእንግሊዝኛ ይናገሩ ነበር። ሰርክአዲስ በህንዷ ፑኔ ከተማ በተማረችባቸው ዓመታት ቀኗን የምትጀምረው በእሳቸው ድምፅ ነበር። ቃላቱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ታውቃቸዋለችና አንድ ባዶ ካሴት ገዝታ በገዛ ድምጿ፣ በአማርኛ ቀዳቻቸው።

«ቁሚ። እጅሽን ወደ ላይ አንሺ። ተንፍሺ። አሁን ጎንበስ በይ። እስክልሽ ድረስ ቀና እንዳትዪ።»

የቀዳችው ለራሷ ነው። ራሱን «እርስዎ» የሚል ደግሞ የለም።

ወደ መተማ የተመለሰችው አባቷ ሲያርፉ ብቻቸውን ለቀሩት ለእናቷ ለወይዘሮ ዙፋን ብላ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። ልቧ ግን አልረጋም። አንድ ቀን «እዚሁ እኖራለሁ» ትላለች፤ በማግሥቱ ጎንደር፣ አዲስ አበባ፣ የትም ቢሆን ሌላ ሥራ መፈለግ ያምራታል። ከሁሉ የሚከብዳት ከእናቷ ጋር ወሬ ማጣቷ ነው። «ምሳ በሉ እማዬ?» ትላለች። «በላሁ ልጄ» ይሏታል። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ውጭ የሚያልፈውን የጭነት መኪና ድምፅ ያዳምጣሉ።

በዓቢይ ጾም አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የወይዘሮ ዙፋን ታላቅ ወንድም አቶ ባፈና ከሽንፋ መጡ። የእህታቸውን የአጥር ጎረቤት ጥሩአየሁን አስከትለዋል። የቀረበላቸውን ወንበር እያዩ ቆመው ቀሩ።

«ዙፋን፣ ዕቃሽን አሰናጂ። ነገ በጠዋት ሽንፋ እንሄዳለን።»

«ምን ሆኜ?»

«ምን እንደሆንሽማ አገር ሰምቶታል። ልጅሽ ቁጭ ብድግ ታደርግሻለች አሉ። ኧረ እኔ ለሰሊጥ አጨዳ የቀጠርኩትን ሳሉግ፣ የቀን ሠራተኛ እንኳ እንዲህ አላዝዘው!»

ሰርክአዲስ ውሃ እየቀዳች ነበር፤ ጆጉን እንደያዘች ቀረች። «እኔ? እኔ ምን አልኩ ጋሼ?»

«ጥሩአየሁ፣ ንገሪያት!»

«እኔ ወሬ አልወድም» አለች ጥሩአየሁ፣ የቀረበውን ወንበር ለራሷ ሳብ አድርጋ እየተቀመጠች። «ግን አጥሩ ሰንበሌጥ ነው፤ ጆሮዬን ደግሞ አውልቄ አላስቀምጠው። ቁሚ ትላቸዋለች። ተኚ ትላቸዋለች። እስክልሽ ድረስ ቀና እንዳትዪ ትላቸዋለች። ቆይ፣ ይሄ ሁሉ ይሁን፤ ተንፍሺስ ምን ማለት ነው? እናት የምትተነፍሰው ልጅ ስትፈቅድላት ነው?»

«አንቺ ብላ?» አሉ አቶ ባፈና፣ የሰሙትን እንደገና ለመስማት።

«አንቺ ብላ! ያውም ለስለስ ባለ ድምፅ። ብትጮህ እኮ ተናዳ ነው ይባል ነበር።»

ሰርክአዲስ ጆጉን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። በዚህ ቤት ልጅ እናቱን «አንቺ» ብሎ አያውቅም። ግን ደግሞ ሰሞኑን የቴፗ ባትሪ ድንጋይ ቶሎ ቶሎ እያለቀ ሲያስቸግራት «ኧረ ይህን ዕቃ ማነው የሚነካካው!» ብላ መጮኋ ትዝ አላት። ሰው አገር ስኖር ምላሴ ተበላሽቶ ይሆን? ሳይታወቀኝ ሌላስ ምን ብያቸው ይሆን?

«መቼ ነው ይሄ የተሰማው?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ማክሰኞም፣ ሐሙስም። ምኑ ቅጡ! ሁልጊዜ ረፋድ ላይ ነው።»

ረፋድ ላይ ሰርክአዲስ ክፍል ውስጥ ናት። ይህንኑ ልትናገር አፏን ስትከፍት ዓይኗ እናቷ ላይ አረፈ። ወይዘሮ ዙፋን ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው መሬት መሬቱን ያያሉ። ያን ጊዜ ገባት። የድንጋዩ ቶሎ ማለቅም፣ ምንጣፏ ከተወችበት ፈቀቅ ብሎ መገኘቱም ገባት። ሳቋ ሊያመልጣት ደረሰ። መልሳ ዋጠችው። እናቷ እንዲህ የሚሸፋፈኑት አፍረው ነው። አሁን እውነቱን ብትናገር ጥሩአየሁ ገና ከግቢው ሳትወጣ ለባለ ባጃጁ ሁሉ ታዳርሰዋለች፤ ዙፋን በስተርጅና ቴፕ ከፍታ መሬት ለመሬት ትንከባለላለች ተብሎ ይሳቅባቸዋል።

ጆጉን አስቀመጠች። «እኔ ነኝ» አለች። «አጥፍቻለሁ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

ጥሩአየሁ እንኳ ይህን አልጠበቀችም፤ ቀና ብላ አየቻት።

«ይቅርታሽን እናትሽን ጠይቂ» አሉ አቶ ባፈና። ድምፃቸው ውስጥ ከቁጣው ይልቅ ሐዘኑ በዛ። «ተምራ መጥታ ትጦራታለች ብለን ነበር እኮ። ዙፋን፣ ተነሺ በይ።»

ወይዘሮ ዙፋን አልተነሱም። ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ።

«አልሄድም» አሉ። «ልጄ አላዘዘችኝም። ያዘዘኝ ቴፑ ነው።»

«ምኑ?»

«ቴፑ። ዮጋ ነው።»

«ዮጋ ደግሞ ማነው? ከገላባት ማዶ፣ ከሱዳን የመጣ ነው?»

ጥሩአየሁ አማተበች።

«ሰው አይደለም ወንድሜ። ወገብ የሚያፍታታ ነገር ነው። ዐምና በስቅለት እኩዮቼ ሲሰግዱ እኔ ግንብ ተደግፌ ዋልኩ። አንዷ መጥታ 'እርስዎስ በልብዎ ይስገዱ' አለችኝ። አዝናልኝ ነው፤ እኔን ግን አንገበገበኝ። ኋላ ይህችን ልጅ በበሩ ስንጥቅ አየኋት፤ እንደ ልጥ ትተጣጠፋለች። እሷ ሥራ ስትሄድ ከፈትኩት። መሬት ላይ ተጋድሜ እግሬን ሳነሳ ብታየኝ ምን ትለኛለች ብዬ አፍሬ ደበቅኳት።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ያላጠፋሽውን አጠፋሁ የምትዪው ማን አስተምሮሽ ነው?»

ሰርክአዲስ ጆጉን መልሳ አነሳች።

«እስቲ አሳዪኝ» አሉ አቶ ባፈና።

«አንተ ፊት አልጋደምም። የቁሙን ግን ላሳይህ።»

ቴፑን ራሳቸው አምጥተው ከፈቱት። የሰርክአዲስ ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ የቆመችው ሰርክአዲስ በቴፑ ያለችውን ሌላይቱን ሰማቻት። «ጎንበስ በይ» ሲል ወይዘሮ ዙፋን ቀስ ብለው አጎነበሱ። ጣታቸው ጉልበታቸውን አለፈ፤ ቅልጥማቸውን አልፎ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ደረሰና ቆመ። አቶ ባፈና በገና በዓል የመጡ ጊዜ መጎንበስ ላቃታቸው እህታቸው ጫማ ያጠለቁላቸው ራሳቸው ነበሩ። አሁን ቆባቸውን አውልቀው ይዘዋል። ድምፁ «ቀና በይ» ሲል ወይዘሮ ዙፋን ቀና አሉ።

«ወገብሽስ?»

«ያማል። ግን ይታዘዛል።»

አቶ ባፈና በማግሥቱ ብቻቸውን ሽንፋ ተመለሱ። ሲሄዱ ግን ሰርክአዲስን ወደ በሩ ጠርተው፣ «እሱ ይሁን። ግን 'እርስዎ' በይበት። ሰው ይሰማል» አሏት።

የዚያኑ ዕለት ከሥራ እንደገባች አዲስ ካሴት ቀዳች። «ይቁሙ። እጅዎን ያንሱ። ጎንበስ ይበሉ።» ወይዘሮ ዙፋን ከፍተው ሞከሩት፤ መሃል ላይ አጠፉት።

«ምነው እማዬ?»

«አልሆነልኝም። 'ይቁሙ' ሲለኝ እንግዳ የመጣ ይመስለኛል። ወንበር ላቀርብለት ይዳዳኛል።»

ሰርክአዲስ እስክትጎብጥ ድረስ ሳቀች። እናቷም ሳቁ። በዚህ ቤት አብረው ከሳቁ ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል!

«አሮጌውን ልክፈትልዎ?»

«ተይው ቴፑን። አንቺው በይኝ። እንደዚያ እንደምትዪው።»

«እንዴት ብዬ? ፊትዎ ቆሜ?»

«እንግዲህ ስቅለት አይጠብቀኝም» አሉ ወይዘሮ ዙፋን፣ ምንጣፉ ላይ ቆመው እጃቸውን እያነሱ።

ሰርክአዲስ ከንፈሯን አራሰች። ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ጮክ ብላ የምትናገረው አሁን በሹክሹክታ ጀመረች።

«ጎንበስ… ጎንበስ በይ።»

«አልሰማሁሽም።»

«ጥሩአየሁ ትሰማለች እኮ እማዬ!»

«ትስማ።»

«ጎንበስ በይ!» አለች ጮክ ብላ። ከሰንበሌጡ አጥር ማዶ የነበረው የዕቃ አጠባ ኳኳታ ቆመ። ወይዘሮ ዙፋን አጎነበሱ። ሰርክአዲስ ጠጋ ብላ መዳፏን ወገባቸው ላይ አሳረፈች።

«እስክልሽ ድረስ ቀና እንዳትዪ።»

«አልልም» አሉ ወይዘሮ ዙፋን፣ ፊታቸው ጉልበታቸው አጠገብ ሆኖ።