አባብሎ የሚወስደው ሰሌዳ

አሰለች ከቤተ ጊዮርጊስ መውረጃ አጠገብ በከፈተችው ምግብ ቤት በር ላይ «ዴሊሸስ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለችው አስጎብኚው ደርበው «ጣፋጭ ማለት ነው፤ ፈረንጅ ይወደዋል» ስላላት ነው። እውነትም ፈረንጁ መጣ። ችግሩ ከመጡት አንዱ የቋንቋ መምህር መሆኑ ነው። ሰውየው ሽሮውን እየጠረገ፣ ቃሉ ከላቲን እንደመጣና የጥንት ሥሩ «አባብሎ መውሰድ» እንደሆነ ለደርበው አስረዳው።

ደርበው ደግሞ አዲስ ነገር ሰምቶ የሚያድር ሰው አይደለም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች እንዲሉ፣ ሄዶ ለአሰለች የንስሐ አባት ለቄስ ገብረ ዮሐንስ ዘረገፈው።

ቄሱ በማግስቱ መጥተው ደጅ ቆሙ።

«አሰለች፣ ሰውን አባብሎ መውሰድ የማን ሥራ ነው?»

«የሰይጣን፣ አባ።»

«እንግዲያ የሱን ሥራ ሰቅለሽ እኔ እዚህ ቤት አልገባም። አውርጂው።»

አሰለች ጨነቃት። በሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ተረኛዋ እሷ ናት፤ ቄሱ ካልባረኩ ዳቦው አይቆረስም፣ ጠላውም አይቀዳም። ሰሌዳው ከወረደ ደግሞ እንግዳው ሁሉ ፊት ለፊት ካለችው ከባላንጣዋ ከአለሜ ቤት ይገባል። ከሰይጣንና ከአለሜ የትኛው እንደሚብስ ስታመዛዝን ቀኑ ደረሰ።

ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ምራቁን ይውጣል። ቄሱ ገና ከቅዳሴ መውጣታቸው ነው፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። መንገዱ ላይ እንደቆሙ መስቀላቸውን ወደ በሩ ዘረጉ።

«ከዚሁ እባርካለሁ። ከመንገዱ ንቅንቅ አልልም።»

አሰለች ገብታ ድፎውን በሩ ድረስ አምጥታ መሸፈኛውን ገለጠችው። የጥቁር አዝሙዱ ሽታ ወጣ።

አቡነ ዘበሰማያት ሲጀምሩ ቄሱ መንገዱ ላይ ነበሩ። የዕለት እንጀራችንን ስጠን የሚለው ጋ ሲደርሱ በሩ ፊት ያለውን ቦይ ተሻግረዋል። ወደ ፈተና አታግባን ሲሉ አንድ እግራቸው ከውስጥ ነበር። ሲጨርሱ ተቀምጠዋል።

ሦስተኛውን ቁራሽ ሲያነሱ አሰለች ጠየቀች።

«አባ፣ ሰሌዳውስ?»

ቄሱ አኝከው ዋጡ፤ ከጢማቸው ላይ ፍርፋሪውን አራገፉ።

«ይቆይ። ኃጢአቱ ሳይናገሩ ማባበል ነው፤ አንቺ አስቀድመሽ በርሽ ላይ ጽፈሻል።»