ቤዛዊት ብቻዋን የሄደች ዕለት

ወልዱ ፈሪ አይደለም። ፍሬን እምቢ ባለው ሚኒባስ የእንጦጦን ቁልቁለት ወርዶ ታች ሲደርስ ስቆ የሚያወራ ሾፌር ነው። ያን ጠዋት ግን ቁስቋም ካለው ቤቱ በራፍ ላይ ቆሞ የልጁን የጫማ ክር ደጋግሞ ይመረምር ነበር።

"አባዬ፣ አስሬዋለሁ እኮ" አለችው ቤዛዊት።

"አያለሁ፣ አያለሁ።"

"ታዲያ ምን ታፈጣለህ?"

ቤዛዊት ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባት፤ አንድን ነገር ለመያዝ ጊዜ ትፈልጋለች። ከያዘች ግን የሚያስለቅቃት የለም። ሸጎሌ ያለው የሥልጠና ማዕከል ዳቦ ቤት ሊከፍት ሲነሳ ሊጥ በማቡካት ከሠልጣኞቹ ሁሉ የምትበልጠው እሷ ሆነች። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታክሲ ይዛ ያለማንም እርዳታ በሰላም መድረስ። የደኅንነት አሠልጣኟ ሪሐና ለወራት አብራት ተመላልሳለች። ከቁስቋም አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ሸጎሌ። "በፈተናው ዕለት ብቻዋን መጥታ በሩን ካንኳኳች ሥራው የሷ ነው" ብላለች ሪሐና። "ካልሆነ ግን ለጊዜው ቤት ትቆያለች። አደራ ጋሽ ወልዱ፣ እንዳይከተሏት። ማንም እንዳይረዳት።"

"ምን ቆርጦኝ!" አለ ወልዱ።

እናትየዋ ቦሰና ልጇን በር ላይ አቁማ የመጨረሻውን ፈተና ትፈትናት ጀመር።

"ማንም ሰው መጥቶ 'አባትሽ ልኮኝ ነው፣ ነይ' ቢልሽስ?"

"የቤታችንን ቃል እጠይቀዋለሁ።"

"ባያውቀውስ?"

"እምቢ! ብዬ እጮሃለሁ። ከዚያ ሴት ያለችበት ሱቅ እገባለሁ።"

"ቃሉ ምን ነበር?"

"ለማንም አይነገርም!" ብላ ቤዛዊት ከት ብላ ሳቀች። እናትና ልጅ ተቃቀፉ።

ወልዱ ይህን ሁሉ የሰማው በአንድ ጆሮው ነው። ሌላው ጆሮው ላይ ስልክ ነበረ። ምን ያድርግ፣ አባት ነው፤ አትፍረዱበት። ሪሐናን "ምን ቆርጦኝ" ባላት ማግስት መስመሩ ላይ ያሉትን ሾፌሮች፣ ወያላዎችና ተራ አስከባሪዎች አንድ በአንድ አዳርሶ ነበር። "ቢጫ ሹራብ ትለብሳለች። ስሟ ቤዛዊት ነው፣ ቤዚ በሏት። ዓይናችሁን እንዳትነቅሉባት! ግራ ከገባት 'አባትሽ ልኮኝ ነው' በሏትና አሳፍሯት።" እነሱም እሺታቸውን ሰጡት። በመስመሩ ላይ ወልዱን እምቢ የሚለው የለማ። ይኸው አሁንም አዲሱ ገበያ ያለውን ወያላ ጌቱን "ተነሥታለች፣ ተዘጋጅ" እያለው ነው።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው።

ቤዛዊት ቦርሳዋን በደረቷ አንግታ ወጣች። ወልዱም "ሥራ ልግባ" ብሎ ቦሰናን ተሰናበተና ጥጉን ሲታጠፍ ብብቱ ሥር የወሸቀውን ካፖርት አወጣ። ኮሌታውን አቆመ። የሹራብ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ድረስ ጎትቶ አጠለቀ። የሚያውቀው ሰው "ደህና አደርክ ወልዱ" ብሎት አለፈ፤ መደበቁ እዚያው ላይ አበቃ፣ እሱ ግን ምንም አልመሰለውም።

ታክሲ ተራው ላይ ቤዛዊት ተሰለፈች። አንዱ ጎረምሳ ሊቀድማት ሲል "ሰልፍ ነው!" አለችው፤ ጎረምሳው አፍሮ ወደ ኋላ ሄደ። ገብታ አንዲት እናት አጠገብ ተቀመጠች። ወልዱ በሚቀጥለው ሚኒባስ ጋቢና ገብቶ "እሷን መኪና እንዳታጣት!" አለው ሾፌሩን።  አዲሱ ገበያ ሲቃረቡ ከፊት ካለው ሚኒባስ መስኮት የገዛ ልጁ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

"ወራጅ አለ!"

"እሰይ! እሰይ የኔ አንበሳ!" ብሎ ወልዱ ዳሽቦርዱን በጥፊ መታው። ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ተያዩ። እሱ ምን ገዶት! ደስታው ሊያፈነዳው ነበር። ይቺ ልጅ ናት "ከሰው አትቆጠርም" የተባለችው? የት አሉ የዚያን ጊዜዎቹ ሐሜተኞች፣ መጥተው አይሰሙም?

ታዲያ ደስታው ብዙም አልቆየም። ቤዛዊት ወርዳ ጥቂት እንደተራመደች ቀጥ ብላ ቆመች። የሸጎሌ ታክሲ የሚቆምበት ቦታ የለም። መንገዱ ተቆፍሮ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ተራውም ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። ለወራት የለመደችው ቦታ በአንድ ሌሊት ጠፋባት። ቆርቆሮውን አየች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ወልዱ ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ሆኖ ጥፍሩን ይበላል።

"በስመ አብ! ዛሬ ይቆፈራል? ነገ አይቆፈርም ነበር?"

ቤዛዊት ግን አላለቀሰችም። ሪሐና "ግራ ሲገባሽ ቁሚ፣ ተንፍሺ፣ ከዚያ ጠይቂ" ብላ አስተምራታለች። ቆመች። ትከሻዋ ከፍ ብሎ ዝቅ እስኪል ድረስ ተነፈሰች። ከዚያ አንዲት ባለ ሱቅ ዓይታ ልትጠይቃት አንድ እግሯን አነሣች። አንድ ደቂቃ ቢተዉዋት፣ አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ነገሩ ባለቀ ነበር።

ጌቱ አልተዋትም። አደራ አለበታ! ቀይ ኮፍያውን እያስተካከለ በሩጫ መጣ።

"ቤዚ! ነይ፣ አባትሽ ልኮኝ ነው!"

ቤዛዊት አይታው አታውቅም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

"ቃሉስ?"

"የምን ቃል?"

"ቃሉን በል!"

"ኧረ ነይ ባክሽ፣ መኪናው ሊሄድ ነው!" ብሎ የሹራቧን እጅጌ ያዘ።

"እምቢ!!!"

ወይ ድምፅ! ያንን ድምፅ አዲሱ ገበያ ያለ ሰው ሁሉ ሰማው። ቲማቲም የምትሸጠው ሚዛኗን ጣለች። ቤዛዊት እጅጌዋን መንጭቃ ሮጣ ባለ ሱቋ ዘንድ ገባች። ሕዝቡ ጌቱ ላይ ሰፈረበት።

"ልጅ ሊሰርቅ ነው! ያዘው!"

"ኧረ በእናታችሁ! አባቷ ነው የላከኝ!"

"አዎ፣ ሌባ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው!"

ተራ አስከባሪውና አንድ ሾፌር ጓደኛቸውን ሊያስጥሉ መጡ። "እውነቱን ነው፣ እኛንም አባቷ ነው የላከን!" አሉ። አያድርስ ነው።

"ቡድን ናቸው! ሦስቱንም ያዟቸው!"

ወልዱ ከዚህ በላይ አልቻለም። ካፖርቱን እያውለበለበ ከአይሱዙው ጀርባ ዘሎ ወጣ።

"ልቀቋቸው! አባቷ እኔ ነኝ!"

ሰዉ ዞሮ አየው። ኮሌታው ጆሮው ድረስ ቆሟል፣ ቆቡ ዓይኑን ከልሎታል፣ ላቡ ይንቆረቆራል። አንዲት ባልቴት ከላይ እስከ ታች ገርምመውት "አለቃቸው መጣ" አሉ።

ወልዱም ተያዘ። ቆቡን ቢያወልቅ፣ መታወቂያ ቢያሳይ፣ ስልኩ ላይ ያለውን የልጁን ፎቶ ቢያሳይ ማን ይስማው! "ፎቶዋንም አንስተዋታል!" ተባለ። በመጨረሻ "ራሷን ጠይቋት! ሱቅ ውስጥ ናት፣ ጠይቋት!" ብሎ ሲለምን እየገፈታተሩ ወደ ሱቁ ወሰዱት። ባለ ሱቋ ጀዊሪያ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"የታለች ልጅቷ?"

"ሄደች እኮ" አለች ጀዊሪያ።

ወልዱ ወደ ሱቁ ውስጥ አንገቱን አሰገገ። "ወዴት?"

"ሸጎሌ ነዋ። ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች። የሸጎሌ ታክሲ የት ሄደ ብላ ጠየቀችኝ፣ አሳየኋት። አመስግናኝ ተሳፈረች። እናንተ እዚህ ስትደባደቡ።"

ወልዱ ሳቁ መጣ፣ እንባውም መጣ፤ የቱን እንደሚያስቀድም ጠፋው። ባለ ሱቋ "እንዲህ ከሆነማ አባት ነው፣ ልቀቁት" አለች ፊቱን አይታ። ለቀቁት። ጌቱ የተቀደደ ኮሌታውን ይዞ "ጋሽ ወልዱ!" ብሎ ሲጣራ እሱ የሸጎሌ ሚኒባስ ውስጥ ገብቷል።

መንገዱ ያን ዕለት ረዘመ። ሸጎሌ መግቢያ ላይ ደግሞ በጎች አስፋልቱን ሞልተውት መኪናው ቆመ። ደርሳ ይሆን? ደንግጣ ሌላ ቦታ ወርዳስ ቢሆን? እኔ ነኝ ያስደነገጥኳት፣ እኔው ነኝ! ወልዱ መቀመጥ አልቻለም፤ ወርዶ በበጎቹ መሃል ሮጠ። የማዕከሉ አረንጓዴ በር ጋ ሲደርስ ቁና ቁና ይተነፍሳል። በሩን በሁለት እጁ ደበደበው።

"ማነው?" አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ።

ቤዛዊት ናት! ደርሳለች። ወልዱ በሩን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም፤ እሷ የተወለደች ቀን እንኳ ፍርሃት ተቀላቅሎበት ነበር።

"እኔ ነኝ የኔ ሸጋ! አባትሽ!"

"ቃሉስ?"

ወልዱ በሩን እንደገና አንኳኳ።

"ኧረ እኔ ነኝ፣ ድምፄን አታውቂውም?"

"አባዬ መሆንህን አውቃለሁ" አለች ቤዛዊት። "ቃሉ ግን ለሁሉም ሰው ነው። ያንን ባለ ቀይ ኮፍያ የላክኸው አንተ ነህ?"

"...አዎ።"

"ለምን ቃሉን አልነገርከውም?"

 ስለማላውቀው ይበላት? ከውስጥ ሪሐና ሳቋን ስታፍን ተሰማው። ወልዱ ፈቀቅ ብሎ ስልኩን አወጣና ወደ ቤት ደወለ።

"ቦሰና፣ ደርሳለች! ደርሳለች! እ... ማለቴ፣ ያ ቃል ምን ነበር?"

ቦሰና እልል አለች። ከዚያ ጥያቄው ሲገባት ሳቀች፣ እስኪበቃት ሳቀች። "አንተ ሰውዬ! ቃሉን ያመጣኸው አንተው እኮ ነህ። ቲቸሯ ሪሐና ቤታችን መጥታ ቃል ምረጡ ስትል አንተ ስልክ ላይ ስለ ጎማ ትጮህ ነበር። እኔ የአበባ ስም እንምረጥ ብላት እምቢ አለች። 'አባዬ የሚለውን ነው የምፈልገው' አለች።"

"ምን ነበር የምለው?"

"ጎሚስታ! ጎሚስታ! እያልክ አልነበር?"

ወልዱ ስልኩን ዘጋ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሲጮህ ልጁ ከኋላው ሆና ትሰማው ነበር ለካ። አፉ የጣለውን አንስታ፣ እስከ ዛሬ በአደራ ይዛለታለች።  ወደ በሩ ተመለሰና ባለው ድምፅ ሁሉ ጮኸ።

"ጎሚስታ!"

በግ የሚነዳ ነጋዴ ዞር ብሎ "ጎሚስታው አስፋልቱ ጋ ነው፣ ጋሼ" አለው።

በሩ ተከፈተ። ቤዛዊት ነጭ ሽርጥ አገልድማለች፤ አፍንጫዋ ላይ ዱቄት አለ። አባቷን እቅፍ አደረገችው። ከዚያ ለቀቀችውና ጣቷን ቀሰረች።

"ማታም ብቻዬን ነው የምመጣው። እንዳትከተለኝ።"

"ምን ቆርጦኝ!"

"እሱንማ ለቲቸርም ብለሃታል።"

ወልዱ አንገቱን ደፋ። "እሺ። ቤት ሆኜ ነው የምጠብቅሽ።"

"ልግባ በቃ፣ ሊጡ ይጠብቀኛል" ብላ በሩን ዘጋችው።

አዲሱ ገበያ ሲመለስ ጌቱ ኮሌታው እንደተንጠለጠለ ተሳፋሪ ይጠራ ነበር። ወልዱን ሲያይ ጥሪውን አቋረጠ።

"ልጅቷስ?"

"ደርሳለች።"

"ማን ረዳት?"

ወልዱ ቆቡን አውልቆ ኪሱ ከተተ።

"ማንም" አለ። "እኛ ሁላችን እያደናቀፍናት፣ ብቻዋን ደርሳለች።"