ሮዝ ያወጣው ዘር

ወንድሜን ንዋይን አበባ ነው ያስገደለው ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ!

ናዝሬት ባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። ለተማሪዎቹ ማሳያ ብሎ በትምህርት ቤቱ ጓሮ ቀዩን አበባ ከነጩ ጋር በእጁ አዳቀለ። ለአብዮት በዓል የቀበሌው ደጅ ቀይ አበባ ይልበስ ተባለና አብዮት ጠባቂዎቹ መጥተው ከቀዮቹ ላይ ዘሩን ሙልጭ አድርገው ለቀሙ። "ተዉ፣ ይሄ የተዳቀለ ነው" ቢላቸው ማን ይስማው! እናቱ ቀይ ከሆነች ሌላ ምን ይወጣል አሉ።

በዓሉ ሲደርስ ደጁ ላይ የዘሩት በሙሉ ሮዝ ሆነ። ለምልክት እንኳ አንድ ቀይ የለም።

ያኔ ነጭ የጠላት ቀለም ነው። "አብዮቱን በነጭ በረዘው" ብለው በጠራራ ፀሐይ ከክፍል ጎትተው አወጡት። ቀበሌ ስደርስ ዘቅዝቀው ውስጥ እግሩን ይገርፉታል። እግሩ እንደ ዳቦ ተነፍቷል፤ የፊት ጥርሱ ረግፏል። ሊቀመንበሩ አብተው ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

"መሃል ሰፋሪ አበባ ተከለብን!" አለኝ።

አብተው እግር ላይ ተደፋሁ። "ጌታዬ፣ ቀዩ እኮ አልጠፋም! የሮዙን ዘር መልሰው ቢዘሩት ቀይ ይወጣል። ራሱ ነው ያስረዳኝ።"

"እውነት?"

"እናቴ ትሙት!"

ሳቀ። "ቀዩ ካለ ምን አደከመን? ፍቱት።"

ፈቱት። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ደግፌው በሩ ጋ ስንደርስ አብተው ከኋላችን፣ "ሁሉም ቀይ ነው የሚወጣው?" አለ።

"አዎ!" አልኩ።

ንዋይ ቆመ። አስተማሪ ነዋ! ሰው ሲሳሳት ሰምቶ ማለፍ አይሆንለትም።

"የሺ ተሳስታለች" አለ፣ ደሙን እየተፋ። "ከአራቱ አንዱ ቀይ፣ ሁለቱ ሮዝ፣ አንዱ ነጭ ነው የሚሆነው።"

ክንዱን ቆነጠጥኩት። ምን ያደርጋል!

"ነጩም አለ ነው የምትለኝ?" አብተው ሽጉጡን አንስቶ ቀረበ።

"አለ። ሁለቱም ሮዙ ውስጥ አሉ።"

ግንባሩን አለው። ክንዱን እንደያዝኩ አብሬው ወደቅሁ፤ ደሙ አፌ ውስጥ ገባ።

እንዳታለቅሺ አሉኝ። አላለቀስኩም፣ ተናድጄ ነበር። ዛሬም እንደተናደድኩ ነው። አብተውን እግዜር የሥራውን ይስጠው፤ እኔ የተቀየምኩት ወንድሜን ነው። ዝም ብትል ምን ነበረበት፣ ንዋይ? በሩ ላይ ደርሰን ነበር እኮ!