የኦዛን እሳት

«የትንኝ ቅንድብ አምጡልኝ፣ ቀብቼ እመልስላችኋለሁ» አለች ዜሊ፣ ብሩሿን እንደ ጦር ሽቅብ ይዛ።

«ትንኟ ቆማ ከጠበቀችሽ ነዋ» አለቻት ከጎኗ የተቀመጠችው ፈርናንድ፣ ቀና ሳትል።

በማዳም ኮርቢኖ ቀለም ቤት ሥራው እንዲህ ነው። ተንቀሳቃሽ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይመጣል፤ የፓሪስ ሰው ደግሞ ቀለም ካላየ ያፏጫል። ስለዚህ ሃያ ሴቶች በረጅም ጠረጴዛ ተደርድረው፣ በማጉያ መነጽር እያጮለቁ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጡትን ሥዕሎች አንድ በአንድ ይቀባሉ። ለእያንዳንዷ አንድ ቀለም። ዜሊ ሰማያዊ ናት፣ አክስቷ ኦዛን ቢጫ።

የሰሞኑ ሥዕል የሚቃጠል ቤት ነበር። የእሳት አጥፊዎቹ ካፖርት ለዜሊ ደረሳት፤ እሳቱ ለኦዛን።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዜሊ ወደ አክስቷ ዞር ስትል ክው አለች። የኦዛን እጅ ይንቀጠቀጣል። ቢጫው አንዴ ከነበልባሉ ያልፋል፣ አንዴ ይጎድላል። ባለፈው ክረምት እጇ የከዳት አንዲት ሴትዮ ከዚሁ ጠረጴዛ ተነስታ ሄዳለች፣ የት እንደደረሰችም የጠየቀ የለም። ዜሊን ደግሞ እናቷ ከሞተች ጀምሮ የያዘቻት ኦዛን ናት። እሷ ከተባረረች ለሁለቱም ጎዳና ነው።

«አክስቴ፣ እጅሽ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? ካፖርትሽን ቀቢ።»

ሴቶቹ ለምሳ ሲወርዱ ዜሊ ሆዴን አመመኝ ብላ ቀረች። የአክስቷን ወንበር ሳብ አድርጋ የቀሩትን ሁለት መቶ ሥዕሎች ራሷ ቀባቻቸው፤ ልክክ፣ ጥርት አድርጋ። ኦዛን ስትመለስ የሥዕሎቹ ጥቅልል ያለቀለት ሥራ ሣጥን ውስጥ ገብቷል።

«ጨርሰሽው ነበር እኮ» አለቻት ዜሊ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ኦዛን ጣቶቿን አገላብጣ አየቻቸው።

ሐሙስ ዕለት ማዳም አንሶላ አሰቅላ መጋረጃውን አስዘጋችና ሥዕሉን አስጀመረች። ቤቱ ነደደ። እሳቱ መስኮቱን ይልሳል፣ ይዘላል፣ ይርዳል፣ ጣሪያው ላይ ይወጣል። ሙቀቱ የሚጋረፍ ይመስል ፈርናንድ ሳታስበው ወንበሯን ወደኋላ ሳበች። ዜሊ አፏን ከፈተች። ለእሳቱ ነፍስ የዘራለት ያ የአክስቷ እጅ መንቀጥቀጥ ነበር ለካ። ከዚያ ድንገት ነበልባሉ ደረቀ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቢጫ ወረቀት መሰለ።

«ምነው፣ ዝናብ ጣለ እንዴ?» አለች ፈርናንድ።

ማዳም መጋረጃውን ገለጠች። «እዚህ ላይ እጅ ተቀይሯል። ኦዛን፣ ማነው የቀባልሽ?»

«ጨርሼው ነበር… መሰለኝ» አለች ኦዛን። ፊቷ አመድ መስሏል።

ዜሊ ተነሳች። «እኔ ነኝ። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ እንዳታባርሪያት ብዬ ነው።»

ሃያ ሴት ሰማ። ኦዛን እጇን ሽርጧ ስር ከተተች።

«እጇ ከተንቀጠቀጠ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ካንቺ ደብቃው እንጂ» አለች ማዳም። «እሳት የተባለ ሁሉ ለእሷ የሚሄደው ለምን መሰለሽ? አሁን ምን ይደረጋል? ቀለሙ አይታጠብም፣ የሥዕሉ ባለቤት ቅዳሜ ይመጣል። ሌላ ቅጂ ይውጣና ከጫፍ ጀምራ ትቅባው።»

ኦዛን አዲሱን ጥቅልል ተቀብላ መነጽሩ ላይ አጎነበሰች። ዓይኗ ገና ከጠዋቱ ቀልቷል። ዜሊ ከጎኗ ተለጥፋ ቆመች።

«አክስቴ፣ ካጠገብሽ ልቀመጥ? እጄ ጥሩ እንደሆነ ታውቂ የለ፣ በማንኛውም ነገር ላግዝሽ።»

«ጨርሰሽው ነበር ብትይኝ ሁለት ቀን ሙሉ አእምሮዬን ሳትኩ ብዬ ስቃዥ ከረምኩ» አለች ኦዛን፣ ዓይኗን ከመነጽሩ ሳታነሳ። «ያንቺን ጥሩ እጅ ማን ጠየቀው? ሂጂ ብሩሽ እጠቢ።»