ያልተከፈለ ቀረጥ

ሰውየውን በጉምሩክ አካባቢ በስሙ የሚጠራው የለም። «ታሪፍ» ነው የሚሉት። የሰው እቃ ከጉምሩክ በማስወጣት ሠላሳ ዓመት የኖረ ትራንዚተር ነው፤ ታሪፍ የሚባለውን ወፍራም የቀረጥ መጽሐፍ ገጽ በገጽ በቃሉ ይወጣዋል። የሕፃን ጋሪ ስንት ይከፍላል፣ ጎማው ለብቻው ቢመጣስ ስንት፣ ብሎ የሚጠይቀው አይጠፋም፤ እሱም ሻዩን ሳያስቀምጥ ይመልሳል። ወጣቶቹ ትራንዚተሮች ሊያጠምዱት ይሞክራሉ። «ታሪፍ፣ የሰርከስ ዝሆንስ?» ይሉታል። «ተመልሶ የሚሄድ ከሆነ በጊዜያዊነት ይገባል፣ ቀረጥ የለውም። እዚሁ ከሞተ ግን ባለቤቱ ጣጣ አለበት» ይላል፣ ፈገግ እንኳን ሳይል።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ሕግ ያልጠየቀውን ቀረጥ ደንበኛው እንዲከፍል አይፈቅድም። ሌላው ትራንዚተር «ክፈልና ተገላገል» የሚለውን ጉዳይ እሱ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ እየደረበ፣ ከቢሮ ቢሮ እየተንከራተተ ነጻ ያወጣዋል። ኩራቱ ይቺው ናት። ሌላም የለውም፤ ሚስት አላገባም፣ ቤት አልሠራም፣ ከእናቱና ከታናሽ እህቱ ጋር ነው የሚኖረው።

የእናቱ ሳንባ ከደከመ ቆይቷል። ሆስፒታሉ «ከዚህ በላይ የምናደርግላቸው የለም» ብሎ ወደ ቤት ከላካቸው ወዲህ አልጋቸው አጠገብ በቆመ የኦክስጅን ሲሊንደር ነው የሚተነፍሱት። ባለቀ ቁጥር እህቱ ታክሲ ይዛ ከተማው ጫፍ ድረስ ሄዳ ታስሞላለች፤ መቼ እንደምትመለስ ደግሞ መንገዱ ነው የሚያውቀው። ውጭ አገር ያለው ትንሹ ወንድማቸው ይህን ሲሰማ፣ ኦክስጅኑን ከአየር እየለየ የሚሰጥ፣ ሲሊንደር የማያስፈልገው ማሽን ገዝቶ በአውሮፕላን ላከ። ማሽኑ ሰኞ ጠዋት የጉምሩክ መጋዘን ገባ።

ታሪፍ መጋዘኑ ድረስ ሄዶ ካርቶኑን በእጁ ዳሰሰው። ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ቀረጡን ከፍሎ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ይዞት መውጣት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በታማሚው ስም የሚመጣ የሕክምና መሣሪያ ከቀረጥ ነጻ የሚገባበት መመሪያ ነው፤ የሐኪም ማስረጃና የጤና ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። ገንዘብ ቸግሮት አልነበረም፤ መሳቢያው ውስጥ ከበቂ በላይ ነበረው። ዛሬ ከፍሎ ነገ ተመላሽ መጠየቅም ይችል ነበር። ግን ማንንም ነጋዴ ያላስከፈለውን ለገዛ እናቱ ትንፋሽ ይክፈል? አንጀቱ እምቢ አለ። «ቢበዛ ሦስት ቀን ነው» አለ ለራሱ።

የዚያን ዕለት ከሥራ እንደገባ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠ። «እማዬ፣ ማሽንሽ መጥቷል። አምስት ሳንቲም አንከፍልም» አላቸው።

እናቱ ጭምብሉን ከአፋቸው ገለል አደረጉ። «አንተ እያለህ ማን ያስከፍለናል» አሉና መልሰው አጠለቁት።

ማስረጃውን የሚፈርመው ሐኪም ፈቃድ ላይ ነበርና እስከ ረቡዕ ጠበቀው። ሐሙስ የጤና ቢሮው ደብዳቤ ወጣ፤ «ለታማሚዋ» ማለት ሲገባው «ለሆስፒታሉ አገልግሎት» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት ያልፋል ብሎ ያስገባው ነበር። ታሪፍ ግን ማንም ሳያይበት ራሱ መለሰው። አርብ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ፤ ቀጥሎ ቅዳሜና እሑድ መጣ። አብሮት የሚሠራ አንድ ትራንዚተር ነገሩን ሲያይ ሰንብቶ ኖሮ አላስችል አለው። «ኧረ ታሪፍ፣ እናትህ እኮ ናቸው። ክፈልና ይዘህ ግባ» አለው።

«እናቴ ስለሆነች ነው ሥራው እንዳይበላሽ የምፈልገው» ሲል መለሰለት።

እሑድን እናቱ አጠገብ ዋለ። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ አንዷን ቃል በሦስት ትንፋሽ ነው የሚያወጧት። ስለ ማሽኑ ግን ምንም አልጠየቁትም። ልቡ ያን ጊዜ የሆነ ነገር ሹክ ብሎት ነበር፤ አልሰማውም። ሰኞ ደብዳቤው ታርሞ ተፈረመ። ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወረቀቱ አለቀ፤ በቀረጡ ቦታ ላይ ዜሮ ሰፍሯል። ታሪፍ ካርቶኑን ታክሲ ላይ ሲጭን ደስ አለው። ያንን ደስታውን በኋላ ባስታወሰው ቁጥር ራሱን ይጠላዋል።

ሰፈር ሲደርስ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጎረቤቱ በሙሉ ቆሟል። እህቱ ሲሊንደር ልታስሞላ በሄደችበት መንገድ ተዘግቶባት ዘግይታለች። እናቱ በጎረቤት ሴት እጅ ላይ፣ ግማሽ ሰዓት ቀድመውት አልፈዋል። ካርቶኑን እንደታቀፈ ደጁ ላይ ቀረ፤ የሚቀበለው ሰው አልነበረም።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ ጉምሩክን ረገመ። «በወረቀት ገደሏቸው» አለ አንዱ። ትንሹ ወንድም በስልክ እያለቀሰ «ስንት ጠይቀውህ ነው? ለምን አልነገርከኝም፣ ያንኑ ቀን እልክልህ ነበር» አለው። ታሪፍ «የገንዘብ ጉዳይ አልነበረም» ብቻ አለው። አዛውንቶቹ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ «አንተማ ምን ያላደረግክላቸው አለ» ይሉታል። ጨርቁን ጥሎ ማበድ አማረው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

በአራተኛው ቀን ሰው ሳሳ አለ። ከሰዓት በኋላ እህቱን እናታቸው ክፍል ውስጥ ልብስ ስታጣጥፍ አገኛት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት። «ማሽኑ በመጣበት ቀን ይወጣ ነበር። ቀረጡን ብከፍል ኖሮ።»

እህቱ ቀና አላለችም። «አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«አርብ ዕለት ሲሊንደር አስሞልቼ ስመለስ ጉምሩክ ገባሁ። መስኮቷ ላይ ያለችውን ልጅ ጠየቅኋት። ብትከፍሉ እኮ ዛሬውኑ ይወጣል፣ እምቢ ያሉት ጋሼ ናቸው አለችኝ። ከባንክ አውጥቼ ልከፍል ነበር። መጀመሪያ ለእማዬ ልንገራት ብዬ መጣሁ።»

«እሷስ ምን አለች?»

እህቱ በእጇ የያዘችውን ልብስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። «እንዳታደርጊው አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው እቃ ሲያስወጣ ኖሮ፣ የእናቱን እህቱ ከፍላ አወጣችለት ይበሉት? እኔ ትንሽ እታገሣለሁ፣ ልጄ ሥራውን ያውቃል አለች። አስማለችኝ፣ ወንድም ጋሼ። እንዳልነግርህም አስማለችኝ።»

ታሪፍ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከአርብ እስከ ማክሰኞ አራት ቀን ነው። አራቱንም ቀን እናቱ በዚያች በቀጠነች ትንፋሽ የቆዩት እሱ በሰው ፊት እንዳያፍር ብለው ነው። እሑድ አጠገባቸው ሲውል ሁሉንም ያውቁ ነበር።

«ለምን እሺ አልሻት?» አለ።

«አንተስ ለምን አልከፈልክም?» አለችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ በጣም ደክሟት ነበር።

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቅ ጀመር። እህቱ ጥቂት አየችውና ተነሥታ፣ ሳሎን ያሉት ሰዎች እንዳይሰሙት በሩን ዘጋችለት።