ከፊት ተሸካሚዋ

በለቅሶ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛዋ የሟች ታላቅ እህት፣ የሴት ልጁ አክስት ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትመራ የኖረች፣ ክንዷ የደነደነ፣ ድምጿ የጎላ፣ ስታለቅስ ሰፈሩን የምታስለቅስ፣ ስትስቅም እንዲሁ። ሁለተኛዋ የቁንጅና ተወዳዳሪዎች አሰልጣኝ ናት፤ በወጣትነቷ ዘውድ ደፍታ የነበረች፣ ቀጭን፣ የሐዘን ልብሷ እንኳ በወጉ የተተኮሰ፣ ስትቀመጥ ጀርባዋ መደገፊያውን የማይነካ። አክስቲቱ ጮክ ብላ በተናፈጠች ቁጥር አሰልጣኟ ትንሽ ፈቀቅ ትላለች፤ አክስቲቱም ክፍተቱን ሳትውል ሳታድር ትሞላዋለች። አሁን አሰልጣኟ የወንበሩ ጠርዝ ላይ ደርሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወለሉ ብቻ ነው።

«ሻይ፣ እትዬ፤» አለች የሟች ልጅ ትሪውን ዝቅ አድርጋ።

«ስኳሩ እንዴት ነው?»

«ሁለት ማንኪያ አድርጌበታለሁ።»

«ሦስት አድርጊልኝ። ሐዘን ላይ ነኝ።»

ልጅቷ ወደ አሰልጣኟ ዞረች። አሰልጣኟ ብርጭቆውን እየተቀበለች፣ ከንፈሯን እምብዛም ሳታንቀሳቅስ፣ «ዝቅ ስትዪ ከጉልበትሽ እንጂ ከወገብሽ አይደለም፤» አለቻት፤ ወዲያውም ደነገጠች። «ውይ፣ አፈር ስሆን! አመል ሆኖብኝ ነው።»

«ልጃችን እዚህ ሐዘን ተቀምጣለች እንጂ ልምምድ አልመጣችም፤» አለች አክስቲቱ ፊት ለፊቷን እያየች። ይሁንና እሷም ሳይታወቃት ወገቧን ቀና አድርጋለች።

የልጅቷ እናት መስኮቱ ሥር ፍራሽ ላይ ነች። ባሏ ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ ሳይነቃ ከቀረበት ቀን ወዲህ፣ ከ«እሺ» እና ከ«አይ» የዘለለ ቃል አልወጣትም፤ አክስቲቱ የባሏ ሱቅ ይሸጥልሽ ስትላትም እንዲሁ። ከአጠገቧ የባሏ የሥራ ባልደረባ ተቀምጧል፤ አንድ ጣቱን መስታወት ስለወሰደበት ሰው ሁሉ «ዘጠኝ» የሚለው፣ እሱም «ዘጠኝ» ሲሉት ሳይከፋው አቤት የሚል ደልዳላ ሰው።

አሰልጣኟ የመጣችው ለማጽናናት ነበር፤ ለማጽናናት ብቻ ግን አልነበረም። የውድድሩ ፍጻሜ ቅዳሜ ነው። ልጅቷ ከመጨረሻዎቹ ጥቂቶች መካከል ደርሳለች፤ የማትቀርብ ከሆነ ቦታዋን ተጠባባቂ ትወስዳለች። ይህን አሰልጣኟ በሹክሹክታ ተናገረች፤ ነገር ግን በለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ከጩኸት ይልቅ ይሰማል።

«ቅዳሜ?» አለች አክስቲቱ ብርጭቆዋን አስቀምጣ። «የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ? ሰው ምን ይላል? አባቷን ቀብራ መድረክ ላይ ስትሽከረከር!»

ልጅቷ ባዶውን ትሪ ይዛ በእግሮችና በጉልበቶች መካከል ወደ ጓዳ አለፈች፤ ማንንም ሳትነካ፣ ወደ ታች ሳታይ።

አካሄዷን ያስተማራት አባቷ ነው። አባቷ መስታወት ገጣሚ ነበር። ቁመቷ ትከሻው ላይ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ትምህርት በማይኖርበት ቀን ሁሉ ሥራ አብራው ትወጣ ነበር። ትልቅ መስታወት ሁለት ሰው ይሸከመዋል፤ ከፊት ያለው መንገዱን ያያል፣ ከኋላ ያለው መስታወቱን። ከፊት ያለው ዞር ማለት አይችልም፤ አንገት ከዞረ ትከሻ ይዞራል፣ ትከሻ ከዞረ ሁሉም ነገር ያልቃል። ስለዚህ መንገዱን ሁሉ ይነጋገራሉ። «ደረጃ አለ!» ትላለች እሷ። «አለሁ፤» ይላል እሱ። «ብስክሌት!» «አለሁ።» አንዳንዴ ምንም ሳይኖር፣ «ሸንበቆዬ፣ ደከመሽ?» ይላታል። «አልደከመኝም።» «እኔ ደክሞኛል፤ ደክሞኛል በዪና እንረፍ።» አንገት ቀጥ፣ ትከሻ ዝቅ፣ እግርም ቀስ ብሎ የሚቀመጥ እንጂ የሚወረወር አይደለም፤ ይኸው ነው ትምህርቱ።

አሰልጣኟም መጀመሪያ ያየችው እግሮቿን ነበር። ለአዲሱ የልምምድ አዳራሽ ግድግዳ የሚሆኑ መልክ ማያ መስታወቶች ታዘው፣ አባትና ልጅ አንዱን ተሸክመው ሲገቡ፣ ከመስታወቱ በታች ከፊት በኩል ሁለት ረጃጅም እግሮች ብቻ ይታዩ ነበር። አሰልጣኟ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀረች።

«የት ነው መራመድ የተማርሽው?» አለቻት መስታወቱ ግድግዳ ላይ ከዋለ በኋላ።

«መስታወት ስሸከም።»

«ቅኔ ነው?»

«አይ፤ ሁለት ሜትር በአንድ ተኩል ነው።»

ልጅቷ ለመወዳደር እሺ ያለችበትን ምክንያት ለማንም አልተናገረችም፤ ለአባቷ ብቻ ነግራዋለች። መስታወት ተሸክመሽ በመንገድ ስታልፊ ሰው ሁሉ ወዳንቺ ያያል፤ ግን የሚያየው ራሱን ነው። ፀጉሩን ያስተካክላል፣ ጥርሱን ይመለከታል፣ ኮሌታውን ይስባል። የተሸከመችውን ልጅ የሚያይ የለም። «አንድ ቀን እንኳ ባዶ እጄን ልሂድና ይዩኝ፤» አለችው። አባቷ «እንግዲያው ይዩሽ፤» አለ፤ «ቀድሞም ማየት የነበረባቸው አንቺን ነበር።»

ልጅቷ ከጓዳ ስትመለስ አሰልጣኟ ሌላ ነገር ጀምራለች።

«አስተዋዋቂው ስትገቢ አንድ ሁለት ቃል ይላል። ‹ድሃ አባቷን ገና ትናንት የቀበረች…› እንዲህ ያለ ነገር። ሰው ሆዱ ይባባል፤ ዳኛም ሰው ነው። ምኞትሽንም አስተካክለንልሻል። ዓለምን መዞር፣ ሕፃናትን መርዳት።»

«አባዬ ድሃ አልነበረም፤» አለች ልጅቷ።

«እንደው ለማለት ያህል እኮ ነው፣ የኔ ቆንጆ…»

«መስታወት ገጣሚ ነበር።»

«ድሃ?» አክስቲቱ እስካሁን ‹እርስዎ› ስትላት የቆየችውን እንግዳ በሙሉ ሰውነቷ ዞራ አየቻት። «ማነው ድሃ? ይሄን የተቀመጥሽበትን ቤት በገዛ እጁ የሠራ ሰው ነው! ያን መስኮት እዪው፤ ንፋስ ሲያስገባ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አሰልጣኟ መስኮቱን አየች። «አያስገባም፤» አለች በትሕትና።

ልጅቷ ለአፍታ አክስቷ ከጎኗ የቆመች መሰላት። አክስቲቱ ግን አልጨረሰችም። ሐዘን ከተናደደ የቅርቡን ሰው ነው የሚመታው።

«አንቺም ብትሆኚ፣» አለቻት፣ «አባትሽ ወዶልሽ አይምሰልሽ። አፍሮብሽ ነው የሞተው። አንድ ቀን አዳራሹ ገብቶ አይቶሻል? ውጭ መኪና ውስጥ ተደብቆ ይጠብቅሽ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወንድ ልጅ ካላፈረ ምን ያስደብቀዋል?»

 የማንኪያ ድምፅ እንኳ ቆመ። እናትየዋ ከሐዘኗ ውስጥ ቀስ ብላ ቀና አለች፤ ይህን ጥያቄ እሷም ባሏን ጠይቃው መልስ አግኝታ አታውቅም ነበር።

«ኧረ እሱ እንዲያ…» ብሎ ዘጠኝ ጀመረ፤ ልጅቷ ግን እጇን አንስታ አስቆመችው። ትሪውን መሬት ላይ አኖረችና እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች።

«አንድ ቀን ገብቶ ነበር፣ እማዬ። በመጀመሪያው ዙር። አዲሱን ኮቱን ለብሶ ከኋላ ቆሞ ነበር። አዳራሹ ጨለማ ነው፤ እኔ መብራቱ ዓይኔ ላይ ስለነበር ምንም አይታየኝም። በዚያ ላይ ረጅም ታኮ ተጫምቻለሁ። መድረኩ ከሁለት ተገጣጥሞ የተሠራ ነበርና መሐሉ ላይ ከፍ ያለ ጠርዝ ነበረው። ማንም አልነገረኝም። ልደርስበት ስል ከኋላ…»

የመጣባት ሳቅ ይሁን ልቅሶ እሷም አልለየችውም።

«‹ደረጃ አለ!› ብሎ ጮኸ። ባለ በሌለ ድምፁ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ሙዚቃ እያለ። እኔም እግሬን አነሳሁና አለፍኩት።»

«ያ ሰውዬ!» አሰልጣኟ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «በጨለማው ማን እንደጮኸ አላየሁም። ሰካራም መስሎኝ ጥበቃዎቹ ያስወጡት ብዬ…»

«ሰካራም!» አለች አክስቲቱ። «ወንድሜን ሻይ ሲበዛበት እንኳ ያዞረው ነበር!»

«ሕዝቡ ሳቀ፤» ቀጠለች ልጅቷ። «ውጭ ሳገኘው መኪናው ውስጥ መሪው ላይ ተደፍቷል። ‹ጉድ ሠራሁሽ› አለኝ። ‹ዝም ልል ነበር፤ እግርሽ ሲቀርብ አፌ ቀደመኝ።› ባትጮህ እወድቅ ነበር አልኩት። አልሰማኝም። ‹ከእንግዲህ ውጭ ነኝ። ከገባሁ መጮኼ አይቀርም› አለ። ያፈረው በራሱ ነበር፣ እትዬ። በእኔ አልነበረም።»

«እኔም አብሬው ነበርኩ፤» አለ ዘጠኝ አሁን ተፈቅዶለት። «በየዙሩ ሁሉ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ያዳምጣል። ከውስጥ ጭብጨባ በተሰማ ቁጥር ‹ይሄ የሷ ነው› ይለኛል። ኧረ የሌሎችም ይኖራል ስለው፣ ‹እስቲ ዝም በል፣ አሁንም የሷ ነው› ይላል። የሁሉንም ጭብጨባ ለሷ ነው የሰጣት፣ ሰውዬው።»

ያን ጊዜ ከፍራሹ በኩል ድምፅ ተሰማ። እናትየዋ ነበረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ጎረቤቶች ሊደግፏት ተነሡ፤ ቀርበው ሲያዩዋት ግን ትስቃለች። «አዲሱን ኮቱን ለብሶ!» አለች። «እኔን እኮ ስብሰባ አለብኝ ብሎኝ ነው የወጣው! ስብሰባ! መስታወት ገጣሚ ምን ስብሰባ አለው?» ሳቋ ወደ ዘጠኝ ተዛመተ፣ ከዘጠኝ ወደ ጎረቤቶቹ፣ በመጨረሻም ወደ አሰልጣኟ። አክስቲቱ ብቻ በዚህ መሐል ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፍና አለቀሰች፤ እንደ ወትሮዋ ሰፈር በሚያነቃ ድምፅ ሳይሆን፣ አጠገቧ ያለች ሴት ብቻ በምትሰማው። አሰልጣኟም ከወንበሩ ጠርዝ ወደ እሷ ተመልሳ ተጠጋችና እጇን ያዘችላት።

ልጅቷ ተነሥታ ቆመች። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች።

«ሁላችሁም ስላላችሁ አንድ ጊዜ ልናገርና ይለቅልኝ፤» አለች። «ቅዳሜ እሄዳለሁ። ጥቁር ለብሼ ነው የምወጣው። ስለ አባዬ አስተዋዋቂው ምንም አይናገርልኝ፤ ድሃም ሟችም አይበልልኝ። ምኞትሽ ምንድን ነው ሲሉኝ እኔው እመልሳለሁ። መስታወት ገጣሚ ነኝ፣ የአባቴን ሱቅ ልይዝ ነው እላቸዋለሁ።»

«በዚህ መልስ ዘውዱ ያመልጥሻል፤» አለች አሰልጣኟ። በቁጣ አልነበረም፤ የምታውቀውን እውነት መናገሯ ነበር።

«ያምልጠኝ። ዘውድ ቢኖረኝም ባይኖረኝም ሰኞ ጠዋት ከዘጠኝ ጋር ሱቁን እከፍታለሁ። ሱቁ አይሸጥም፣ እትዬ። እንዲሸጥ የፈለጉት ለእናቴ አስበው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አይሸጥም። ወስኛለሁ።»

አክስቲቱ አፍንጫዋን ጠረገች። «ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?» አለች፤ ጥያቄውንም ያቀረበችው ለአሰልጣኟ ነበር።

እናትየዋ ፍራሹ ላይ ፈቀቅ ብላ ለልጇ ቦታ ለቀቀችላትና የልጅቷን ቀኝ እጅ ወስዳ መዳፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። በትዳር ዘመኗ ሁሉ የባሏ እጅ ከሥራ በተመለሰ ቁጥር እንደምታደርገው፣ የመስታወት ስባሪ ተሰክቶበት እንደሆነ፣ የጣቷን ጫፍ ቀስ አድርጋ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ ትንሿ ጣት አሳለፈችው። ምንም አልነበረበትም። ደግማ ከመጀመሪያው ጀመረች።