ሦስት እጅ ቀለም

«ቀስ በሉ! እግሩ እንዳይሰበር!» አለች አክስት።

ሁለት ጎረቤቶች ቁምሳጥኑን ከግድግዳው እያላቀቁ ነው። ከቀብሩ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ለቅሶ ደራሽ አሁንም ይመጣል፣ ሳሎኑም ሞልቷል። ስለዚህ ወንበር ሟቿ ትተኛበት በነበረው ክፍል ውስጥ ሊደረደር ነው። ቁምሳጥኑ ፈቀቅ ሲል ግድግዳው ከወለሉ እስከ ሰው ደረት ጠቁሮ ታየ። ጸጉር ያበቀለ ጥቁረት።

«ውይ! ሻጋታ!» አለ አንደኛው፣ አፍንጫውን በእጅጌው ሸፍኖ። «ቀለም ቀቢ ያለበት ቤት ነው ደግሞ!»

ማንም አልሳቀም። ቀቢዋ፣ የሟች ታላቅ እህት፣ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

ጥቁረቱን ታውቀዋለች። ከሁለት ክረምት በፊት መዳፍ የሚያህል ነበር። ታናሿ፣ የሰፈሩን ሱሪ ሁሉ የምታሳጥረው ልብስ ሰፊ፣ የአስም መርጫዋን እንደጨበጠች፣ «እትዬ፣ ይሄ ነገር ደረቴን ያፍነኛል» አለቻት።

«አንቺ ደግሞ! የሰው ቪላ የማሳምረውን ሴትዮ የራሴ ግድግዳ ያሸንፈኛል?»

ፋቀችና ቀባች። ተመለሰ። ደግማ ቀባች። በሦስተኛው ዘይት ቀለም ደረበችበትና ቁምሳጥኑን ገፍታ አስጠጋችው። ግድግዳው ውስጥ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይኑር አይኑር አልፈተሸችም፤ ቀለም የማይሸፍነው ነገር አለ ማለት ለእሷ ሙያዋን መስደብ ነው። የእህቷንም አልጋ እዚያው አጠገብ አደረገችው፣ ከመስኮቱ ብርድ ትራቅ ብላ።

ሐኪሙ እንኳ ጠይቋት ነበር።

«ቤታችሁ እርጥበት አለው? ሻጋታ አይታችኋል? ለአስሟ አደገኛ ነው።»

«ዶክተር፣ ቀቢ እኮ ነኝ!» ብላ ሳቀች። «ግድግዳዬ ላይ መልክዎን ያዩበታል።»

ታናሿ ቀና ብላ አየቻት። አፏን ከፈተች፤ ሳል ቀደማት። ወይም እህቷን ሰው ፊት ማሳፈር አልሆነላትም። የትኛው እንደሆነ ቀቢዋ ሦስት ቀን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ሰንብታለች።

«ብርድ ነው የገደላት፤ ሌላ ምን?» ትላለች አክስት ለመጣው ሁሉ። ቀቢዋ ሻይ ትቀዳለች።

ጎረቤቶቹ ወንበር ሊያመጡ ወጡ። እናት ገባች። ግድግዳውን ልብ አላለችውም። ቁምሳጥኑን ከፍታ ልጇ ራሷ የሰፋችውን አረንጓዴ ቀሚስ አወጣችና ፊቷን ቀበረችበት።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው የምተኛው» አለች ከጨርቁ ውስጥ። «ነይ አሽቺው እስቲ። የልጄ ሽታ አልለቀቀም።»

ቀቢዋ ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«እማ፣ እዚህ አትተኚም።»

«ማን ሊከለክለኝ?»

«እማ... የሷ ሽታ አይደለም። የሻጋታው ነው። ያውልሽ፣ እዪው። ደረቷን የዘጋው እሱ ነው። ነግራኝ ነበር፤ ሐኪሙም ጠይቆኝ ነበር። ቀብቼ የሸፈንኩት እኔ ነኝ።»

እናት ግድግዳውን አየች። ቀጥሎ የልጇን እጅ፣ ጥፍሮቿ ሥር የደረቀውን ነጭ ቀለም አየች። ቀቢዋ ስድብ ጠበቀች። ጥፊ ጠበቀች፤ ምነው በመታችኝ እያለች።

እናት ቀሚሱን እንደገና ወደ ፊቷ አስጠጋችው። ዓይኗን ጨፍና ሽታውን በረጅሙ ሳበችው።